በወንፊት ውሃ መቅዳት፦ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክና አልበረክት ያለው ሠራተኛ

የፋብሪካ ሰዎች ሲገናኙ ሳይነሳ የማይቀር ወሬ አለ። «የዛሬ ልጅ ሥራ አይወድም» ይላል አንዱ። ሌላው ይቀበለዋል፦ «አሠለጠንኩ፣ ዩኒፎርም ሰጠሁ፣ እጇ ሲፈታ ጥላኝ ሄደች።» ሦስተኛው ለምሳ ወጥታ ሳትመለስ ስለቀረችው ይተርካል። ቡናው እስኪደርስ ሁሉም የየራሱን አውጥቶ ይገላገላል። ሒሳብ ያወጣ ግን አይገኝም።

እኔም ለብዙ ጊዜ ራሴን እየነቀነቅሁ ሰምቻለሁ። ነገሩን በደንብ ያየሁት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ታሪክ ቁጭ ብዬ ስከታተል ነው። ብዙ ሰው ለሚያስተዳድር ኃላፊ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ፓርኩ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። አንድ የቻይና ተቋራጭ በ9 ወር ገደማ ገንብቶ አስረከበው። 250 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ፈጅቷል። 52 ሼዶች (የፋብሪካ አዳራሾች) አሉት። ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ማጣሪያም ተተክሎለታል። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉት የልብስ ስሞች ባለቤት የሆነው የአሜሪካው ፒቪኤች ቀድሞ ገባ። የእስያ አምራቾች እሱን ተከትለው መጡ። ፓርኩ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60,000 ሰው ይቀጥራል ተባለ።

ባለሀብቶቹን የሳባቸው ብዙ ነገር ነበር። የአፍሪካ አገሮች ዕቃ አሜሪካ ያለ ቀረጥ እንዲገባ በሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ በአጎዋ በኩል፣ ያለ ቀረጥ መግባት ነበረ። መብራቱ ርካሽ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን ጉልበት ርካሽ ነበር። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ግንቦት 2011 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑ ነው። በዚያው ዘገባ ባንግላዴሽ 95 ዶላር፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ትከፍላለች። ባለሀብት ሆነው ይህን ሰንጠረዥ ሲያዩ እጅዎ ወዴት እንደሚጠቁም መገመት አያቅትም።

ችግሩ ያ ሰንጠረዥ አንድ ዓምድ ይጎድለዋል። ያው ዘገባ እንደሚለው ፋብሪካዎቹ በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር። በሙሉ! በጊዜው ፓርኩ ውስጥ 25,000 ያህል ሰው ይሠራ ነበር። አንድ ደህና ከተማ የሚያክል ሕዝብ በአንድ በር እየገባ በሌላው ይወጣል ማለት ነው። በወንፊት ውሃ መቅዳት ይሏል ይኼ ነው።

የአሠሪው ሒሳብ

እስቲ እርሳስ እናንሳ። ከ750 ብሩ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የእኔ ግምት ናቸው፤ እርስዎ በራስዎ ይተኳቸው።

አንዲት ልጅ ተቀጠረች እንበል። የመጀመሪያውን ወር ሥልጠና ላይ ናት። ምንም አላመረተችም፣ 750 ብር ተከፈላት። ለምልመላ፣ ለጤና ምርመራ፣ ለዩኒፎርምና ለወረቀት ሥራ 500 ብር ወጣ። ቀጥሎ ባሉት ሦስት ወራት እጇ ገና ስላልፈታ ግማሽ ብቻ አመረተች። የሦስት ወር ደመወዝ 2,250 ነው፣ ግማሹ 1,125። ሲደመር 2,375 ብር። ይህ ከሦስት ወር ደመወዟ ይበልጣል። ሠራተኛ በዓመት ሙሉ በሙሉ የሚተካ ከሆነ ይህን ብር በየዓመቱ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ እንደገና ይከፍሉታል። ለ12 ሲካፈል በወር 200 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ የርካሿ ሠራተኛ ትክክለኛ ዋጋ 750 ሳይሆን ወደ 950 ይጠጋል።

አሁን ደመወዟን 100 ብር ጨመሩ እንበል። በዚህ ምክንያት የሚለቀው ሰው በግማሽ ቀነሰ። ያዳኑት በወር 100 ብር ገደማ ነው። ጭማሪው ራሱን ቻለ። የቆመው ማሽን፣ ተመልሶ የሚፈታው ስፌት፣ በመርከብ መሄድ ሲገባው ስለዘገየ በአውሮፕላን የተላከው ዕቃ ገና አልተቆጠረም። የልብስ ፋብሪካ ላይን (ሠራተኞች አንዱን ልብስ እየተቀባበሉ የሚሰፉበት መስመር) ደግሞ እንደ ሰንሰለት ነው። ኮሌታ የምትሰፋዋ አዲስ ከሆነች እጅጌ የምትሰፋዋ የሦስት ዓመት ልምድ ቢኖራትም ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ይህን ሒሳብ ለምን ማንም አያሰላውም? እኔ እንደሚመስለኝ ደመወዝ በፔይሮል (በደመወዝ መክፈያ መዝገብ) ላይ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ነው። የመልቀቅ ወጪ ግን ተበትኖ ይቀመጣል፤ ጥቂቱ በሥልጠና፣ ጥቂቱ በብልሽት፣ ጥቂቱ በኦቨርታይም ስም። ባለቤት የሌለው ወጪ ነው። የሰው ሀብት ክፍሉ «ስንት ቀጠርክ?» ተብሎ እንጂ «ስንቱ ቆየልህ?» ተብሎ አይጠየቅም። እንዲያውም ብዙ ሰው በለቀቀ ቁጥር ብዙ ስለሚቀጥር ጎበዝ መስሎ ይታያል! አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ ብባል ይህን እቀይር ነበር። የቅጥር ኃላፊውን የምመዝነው በ90ኛው ቀን ማሽኑ ላይ ባገኘሁት ሰው ቁጥር ነው።

የሠራተኛዋ ሒሳብ

ወደ ፓርኩ ከመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከአካባቢው ገጠሮች የመጡ። ምልመላው በመንግሥት መዋቅር በኩል እስከ ቀበሌ ይወርድ ነበር። ጣታቸው ለስፌት መፍጠኑ እየተፈተነ ይመደባሉ። ለብዙዎቹ ከቤተሰብ ተለይቶ ከተማ መኖር የመጀመሪያቸው ነው።

ገጠር እናትና አባቷ ቤት ሳለች ኪራይ አትከፍልም። እንሰቱ ጓሮ ነው። ሐዋሳ ስትገባ ግን ገንዘቧ ከመምጣቱ በፊት መውጣት ይጀምራል። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ይከራያሉ። ሳሙና አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ከሰል አለ፣ ሽሮ አለ። በዚያ ላይ ቤተሰብ «ፋብሪካ ገባች» ብሎ ይጠብቃል። ለታናሽ ወንድም ደብተር፣ ለእናት ነጠላ። ወሩ ሲያልቅ የምትልከው የለም። አንዳንዷ ጭራሽ ከቤት እህል ታስልካለች። አስቡት፣ ገበሬ አባት የፋብሪካን ደመወዝ እየደጎመ ነው።

እዚህ ላይ ከሐዋሳ ቀደም ብሎ በሌሎች የአገራችን ፋብሪካዎችና እርሻዎች የተሠራ አንድ ጥናት ማንሳት ግድ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ክሪስቶፈር ብላትማንና የኦክስፎርዱ ስቴፋን ዴርኮን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ናቸው የመሩት። አምስት ድርጅቶች ተባበሯቸው። ወደ 1,000 የሚጠጉ ሥራ ፈላጊዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ አገኘ። ሌላው 300 ዶላር ገደማ ገንዘብና የአምስት ቀን የንግድ ሥልጠና ተሰጠው። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም።

ፋብሪካ ከገቡት አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር ለቀቁ። ዓመቱ ሳያልቅ 77 በመቶው ወጥተው ነበር። ከዓመት በኋላ ሲታይ የፋብሪካው ዕጣ የወጣላቸው ምንም ካላገኙት የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም። ከባድ የጤና ችግር ግን በእነሱ ላይ በዝቶ ተገኘ። ብሩን የወሰዱት ገቢያቸው በ33 በመቶ ከፍ ብሏል። በኋላ፣ በአምስተኛው ዓመት ሲጠየቁ በቡድኖቹ መካከል ያለው ልዩነት ጠፍቷል። እሱን መደበቅ አያስፈልግም። ግን በመጀመሪያው ዓመት ጉልት ተቀምጣ ሽንኩርት የምትሸጠው ልጅ ከስፌት ማሽን ፊት ካለችው የባሰ ኑሮ አልነበራትም።

እንግዲህ «ሥራ አይወዱም» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይሰበራል። ልጆቹ ሒሳብ ያውቃሉ። እኛ በዓመት አንዴ ኦዲት ሲመጣ የምናወጣውን ሒሳብ እነሱ በ30 ቀን ጨርሰው ወጡ።

የመጀመሪያው ወር

ከላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ እኔን የያዘኝ ያ አንድ ሦስተኛ ነው። በመጀመሪያው ወር የሚለቅ ሰው ደመወዝ ስላነሰው ብቻ አይለቅም። ደመወዙን እኮ ሲገባ ያውቀዋል ተብሎ ይታሰባል። ያውቀዋል? ሐዋሳ ላይ ከተነሱት ቅሬታዎች አንዱ የሰሙትና ያገኙት አለመግጠሙ ነው። ምልመላው በኮታ ሲሆን መልማዩ ማሳመር ይጀምራል። «ጥሩ ደመወዝ፣ ጥሩ ቤት» ይላል። ልጅቷ ከነሻንጣዋ ስትደርስ እውነቱ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም ብትነግሯት አታምንም።

ስለዚህ ምልመላ ላይ መጥፎውን አስቀድሞ መናገር ይበጃል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ቦታ መቀመጥ አለ፣ ሙቀት አለ፣ ታርጌት አለ፣ የተጣራ ደመወዝ ይህን ያህል ነው። ከተቻለ አንድ ዓመት የሠራች ልጅ ይዞ ወደዚያው ቀበሌ መሄድ ነው፤ በራሷ ቋንቋ ትንገራቸው። የሚመዘገበው ሰው ይቀንሳል። ይቀንስ! በመጀመሪያው ወር የሚወጣው ከመጀመሪያው ባይመጣ ለሁለታችሁም ይቀላል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር የእንግዳ አቀባበል ነው። መናኸሪያ የሚቀበላት አለ? የመጀመሪያውን ሌሊት የት ታድራለች? የመጀመሪያ ደመወዟ እስኪደርስ በምን ትበላለች? ብድር ከገባች የመጀመሪያው ደመወዝ ለአበዳሪ ነው የሚውለው። በ15ኛው ቀን ግማሽ ደመወዝ መስጠት ለድርጅቱ ምንም አያከስርም። ለእሷ ግን ያ ሳምንት የመቆየትና የመሄድ ጉዳይ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ሥራ አስኪያጆች ይህን ጊዜ ሠራተኛዋን ለመመዘን ይጠቀሙበታል። እሷም እኮ እየመዘነች ነው። በ7ኛው፣ በ15ኛውና በ30ኛው ቀን ከሱፐርቫይዘሯ ውጭ የሆነ አንድ ሰው አሥር ደቂቃ ያናግራት። ምን እንደከበዳት ይጠይቃት፣ ይጻፈው፣ የሚፈታውን ይፍታ።

ጭማሪው አከራይ ኪስ ሲገባ

እዚህ ላይ «በቃ ደመወዝ ጨምሩ» ብዬ እንዳልጨርስ የሐዋሳ ነገር ያግደኛል። ከተማዋ ያን ያህል ሰው በአንዴ ለማስተናገድ የተዘጋጀ ርካሽ ቤት አልነበራትም። ሼዱ በወራት ቆመ፣ መኖሪያው አልተከተለም። ቤት በተወሰነበት ሰፈር ደመወዝ 100 ብር ሲጨምር አከራዩ ይሰማል። ወሬ ከፔይሮል ይፈጥናል። በሚቀጥለው ወር ኪራይ ይጨምራል፣ ልጅቷ እዚያው ናት።

ስለዚህ ብሩን ከመጨመር በፊት ብሩ የት እንደሚሄድ ማየት ነው። ምሳ በግቢ ማብላት፣ ሰርቪስ መመደብ፣ ማደሪያ መሥራት ወይም ለሠራተኛ ቤቶችን በጅምላ መከራየት አንዳንዴ ከእኩል ብር ጭማሪ የበለጠ ኪሷ ውስጥ ይተዋል። ሰርቪሱ ሌላም ጥቅም አለው። ማታ ከሺፍት የወጣች ልጅ በጨለማ በእግሯ ስትሄድ የሚደርስባትን ሁሉም ያውቃል። አንዲቷ የተዘረፈች ማታ አብረዋት የሚኖሩት ሦስቱም በማግስቱ ላይመጡ ይችላሉ።

ስለ ጉርሻም ልናገር። ብዙ ፋብሪካዎች ወር ሙሉ ላልቀረ ሰው የመገኘት ጉርሻ ይሰጣሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አሠራሩ ግን ብዙ ጊዜ ራስን ይጎዳል። በወሩ አራተኛ ቀን አንዷ ታማ ቀረች እንበል። ጉርሻው ሙሉ በሙሉ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሁሉ ለመምጣት የነበራት አንዱ ምክንያት ጠፋ። በሳምንት ከፋፍለው ቢሰጡት ሰኞ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ያው ብር ነው፣ አከፋፈሉ ነው የተለየው።

ጩኸት

ፓርኩ ውስጥ ከነበሩት ተቆጣጣሪዎች ብዙዎቹ ከእስያ የመጡ ናቸው። ሥራውን ያውቁታል። በእነሱ አገር ፋብሪካ ላይን ላይ መጮህ የዕለት ተዕለት ነገር ሊሆን ይችላል። ሰው ፊት መሰደብ ለእኛ ልጅ ግን ሌላ ነው። በዚያ ላይ ተቆጣጣሪው አማርኛ አይችልም፣ ልጅቷ እንግሊዝኛ አትችልም፣ አማርኛውም ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ቃሉ ሳይደርስ ፊቱ ብቻ ይደርሳል።

የውጭ ሰው ላይ ብቻ አልጭንም። የእኛው ሱፐርቫይዘርም «አንቺ!» ከማለት ስም መጥራት ይከብደዋል። ለሠራተኛዋ ድርጅቱ ማለት ዋናው መሥሪያ ቤት ያለው ዳይሬክተር አይደለም፤ ሱፐርቫይዘሩ ነው። የለቀቁትን ሰዎች በላይን ከፋፍለው ይቁጠሩ። ደመወዙ አንድ፣ ምግቡ አንድ፣ ሼዱ አንድ ሆኖ ሳለ ከአንዱ ላይን ብዙ፣ ከሌላው ጥቂት ሲለቅ ያያሉ። ይህ ቁጥር ሱፐርቫይዘሩ ላይ ከሚጻፍ አሥር ገጽ ግምገማ ይበልጣል። ጥቂት የለቀቀበትን ሱፐርቫይዘር ምን እንደሚያደርግ ሂዱና እዩ። ሌሎቹን እሱ ያሠልጥን።

ከቆዩት መካከል ሰው ማሳደግም እዚሁ ላይ ይመጣል። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ የምትናገር፣ ያው ክፍል ውስጥ ተከራይታ የኖረች፣ አሁን ላይን የምትመራ ልጅ ስትታይ አዲሷ «እኔም» ትላለች። ደረጃው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሦስት ማሽን የቻለች ይህን ያህል፣ አምስት የቻለች ይህን ያህል። ምሥጢር መሆን የለበትም።

በዓልና ኀዘን ደግሞ አለ። ጊፋታና መስቀል መስከረም ላይ ይመጣሉ፣ ፍቼ ጨምበላላ የራሱ ጊዜ አለው። የወላይታ ልጅ ለጊፋታ ቤቷ እንዳትሄድ መከልከል ይቻላል፣ ትሄዳለች። ፈቃድ ከተሰጣት ግን ትመለሳለች። ከተከለከለች በምን ፊቷ ትመለስ? እዚያው ትቀራለች። የዓመቱን በዓላት መጀመሪያ ላይ ይዞ፣ ላይን በላይን ተራ አውጥቶ፣ ትዕዛዝ ሲቀበሉ ያንን ሳምንት አቃልሎ መቀበል የዕቅድ ክፍሉ ሥራ ነው። ዝናብን እያሰበ የማያቅድ ገበሬ አላየሁም።

«ደንበኛዬ ዋጋ አይጨምርም»

ይህን ስናገር የሚመጣልኝ መልስ ይህ ነው። እውነትም አለው። ገዢው በሸሚዝ ሳንቲም ይከራከራል። ወደቡ ጅቡቲ ነው፣ ሩቅ ነው። መብራት ይጠፋል፣ ዶላር አይገኝም። ግን ገዢው የሚከራከርዎት በአንድ ሸሚዝ ዋጋ እንጂ በወር ደመወዝ አይደለም። በወር 26 ዶላር የሚከፈላት ጀማሪ በቀን የምትሰፋው ጥቂት ከሆነ ሸሚዙ ውድ ነው። ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ የሚከፈላት ባንግላዴሻዊት እጇ የፈታ ከሆነ ሸሚዙ ሊረክስ ይችላል። ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ቁጥር የሸሚዝ ዋጋ ቢሆን ኖሮ ብዙ ውሳኔ ይለወጥ ነበር።

ሌላው መልስ «ያም ሆነ ይህ አጎዋ ጨረሰው» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ትልቅ ምት ነበር። በጦርነቱ ምክንያት አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደምታስወጣ ጥቅምት 2014 ዓ.ም. አሳወቀች። በወሩ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናገረ። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከቀረጥ ነፃው ቀረ። ብዙ ሺህ ሰው ሥራ አጣ። ይህን አንድም የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ሊያስቀረው አይችልም ነበር። የ2011 ዓ.ም. ዘገባ ስለ ሠራተኛ ፍልሰት የጻፈው ግን አጎዋ ገና በነበረበት ጊዜ ነው።

አሁን የራስዎ ድርጅት ላይ ልጀምር ካሉ፣ አማካሪ ከመጥራትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉ። በሚቀጥለው ዓርብ ሦስት ወር ያልሞላቸው ሦስት ሠራተኞች ይጥሩ። አለቆቻቸው አይገኙ። ሻይ ይዘዙ። ደብተር ላይ ከእነሱ ጋር ይጻፉ፦ ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርት፣ ሳሙና፣ ዕቁብ፣ ለቤተሰብ። ይደምሩትና ከደመወዛቸው ይቀንሱ። ቀሪው ስንት ሆነ? መጀመሪያ ያንን ቁጥር ይዘውልኝ ይምጡ፤ ስለ ጉርሻው ከዚያ በኋላ እናወራለን።